የአብራሪ ፈቃድና መዝገብ፦ የመንግሥት ቁጥጥር አነሣሥና ዕድገት



ከፒያሳ ተነሥቶ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ ወደ አራት ኪሎ የሚያመራ ሰው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ያገኛል። የአገሪቱ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው በዚህ ቤት ነው። አውሮፕላን ከአራዳ ሰማይ በላይ ቢበርም፣ አብራሪው መሪውን የሚጨብጥበት ሥልጣን የሚመነጨው ከዚህ ከታተመው ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ከአውሮፕላኑ ብዙ ዓመት ዘግይቶ መጥቷል።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ አሳረፈ። በ1923 ዓ.ም. ከዘውዱ በዓል ቀደም ብሎ ሁበርት ጁሊያን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ በልምምድ በረራ ሰበረውና ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ፍርዱ የቤተ መንግሥት እንጂ መዝገብ የመረመረ የባለሙያ ጉባኤ ፍርድ አልነበረም።

መሠረቱን የጣለው ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም በ1939 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። በአንቀጽ 32 መሠረት ወደ ውጭ አገር የሚበር አብራሪ ፈቃዱን የሚያገኘው፣ ወይም በሌላ አገር የተሰጠው ፈቃድ የሚጸናለት፣ አውሮፕላኑ በተመዘገበበት መንግሥት ነው። አንቀጽ 29 ደግሞ የምዝገባው ምስክር ወረቀት፣ የሠራተኞቹ ፈቃድና የጉዞው መዝገብ በአውሮፕላኑ ውስጥ እንዲገኙ ያዛል።

ይህ ለኢትዮጵያ ተራ ጉዳይ አልነበረም። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ በትራንስ ወርልድ አየር መንገድ እርዳታ የቆመ ነበር፤ አብራሪዎቹም አሜሪካውያን ነበሩ። አውሮፕላኑ የኢትዮጵያን ምልክት ከያዘ ግን ስለ ውጭ አገሩ አብራሪ ብቃት የምትጠየቀው ኢትዮጵያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1962 የሲቪል አቪዬሽን ድንጋጌ ቁጥር 48 ወጣ፤ ኋላም አዋጅ ቁጥር 616/2001 ተተካ።

ፈቃድ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር ወረቀት አይደለም። የንግድ አብራሪ የጤና ምስክር በመደበኛው 12 ወር ብቻ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ ከባድ አውሮፕላን ዓይነት ለብቻው ይፈተናል፤ የበረረው ሰዓትም አንድ በአንድ ይጻፋል። መዝገቡ ከተቋረጠ ፈቃዱ ባዶ ቃል ይሆናል።

የዚህ ዋጋ የታየው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በበረራ ቁጥር 302 ላይ የነበሩት 157 ሰዎች ባለቁ ማግስት የአብራሪዎቹን ችሎታ የሚጠራጠር ወሬ በውጭ አገር ተነዛ። በ25ኛው ቀን የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት አዛዡ 8,122 ሰዓት፣ ረዳቱ 361 ሰዓት መብረራቸውን፣ ሁለቱም ፈቃድና ብቃት እንደነበራቸው ገለጸ። ለወሬው መልስ የሰጠው ቁጣ ሳይሆን ሰነድ ነበር።

ነገር ግን መዝገብ ከሥልጠናው የበለጠ አይናገርም። በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተጨመረው አፍንጫን ወደ ታች የሚደፍቅ የቁጥጥር ሥርዓት በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ውስጥ የመጀመሪያው አደጋ እስኪደርስ ድረስ በአብራሪዎች መመሪያ አልተገለጸም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከምርመራው ሥራ ከፊሉን ለአምራቹ ለራሱ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ነበር። የአብራሪው ወረቀት ተሟልቶ ሳለ የአውሮፕላኑ ወረቀት ጎደለ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ተመርማሪው መርማሪ ሊሆን አይገባም። በኢትዮጵያ አየር መንገዱም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም የመንግሥት ናቸው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሕግ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ሥራ፣ በእያንዳንዱ ፈተናና ፊርማ መጠበቅ አለበት። የሥራ ባልደረባውን ወረቀት የሚመረምር መሐንዲስ ወዳጅነቱን ከበር ውጭ ትቶ ይግባ፤ ተሳፋሪው ያልተማመነው በማያውቀው አብራሪ ብቻ አይደለም፤ ሕይወቱን የሰጠው በማያየው መዝገብ ላይ ጭምር ነውና።