የመሐለቅ ሰምና ወርቅ
ከሮም ወሰን ውጭ ስለ ተገኘው ገንዘብ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ፈሪሳውያን ስለ ግብር በጠየቁት ጊዜ፥ ጌታ አስቀድሞ ዲናር እንዲያሳዩት አዘዘ፤ መልኩና ጽሕፈቱም የማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው። የመሐለቅ፥ ይኸውም የሳንቲም፥ ምርመራ እስከ ዛሬ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ይጀምራል። ነገር ግን መሐለቁ ከመሬት የወጣ እንደ ሆነ ሦስተኛ ጥያቄ ይጨመራል፤ እርሱም በየት ስፍራና ከምን ጋር እንደ ተገኘ ማወቅ ነው። በቅኔ ቤት አነጋገር መልኩና ጽሕፈቱ ሰሙ ናቸው፤ የተገኘበት ስፍራ ግን ወርቁ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ሽማግሌዎች ጠገራ ብር የሚሉት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ የኦስትሪያ ነበረች፤ ኢትዮጵያን አልገዛችም፥ አላየችምም። ብሯ ግን በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጋር ሲመነዘር፥ በአንጥረኛም እጅ ቀልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሲሆን ኖረ። በላዩ የተቀረጸው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሲመታ ቍጥሩ አልተለወጠም። እንግዲህ በማሳ ውስጥ ጠገራ ብር ያገኘ ሰው፥ በ1780 ወደዚህ መጣ ቢል ይሳሳታል። ጽሕፈቱ ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልተቀበረ ይመሰክራል እንጂ፥ የተቀበረበትን ቀን አይናገርም።

የሮም ገንዘብም ከግዛቱ ውጭ የሄደው እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የጻፈ አንድ ነጋዴ፥ ወደ አዱሊስ ከሚገባው ዕቃ መካከል በዚያ ለሚቀመጡ እንግዶች የሚሆን ጥቂት ዲናር እንደ ነበረ ይናገራል። በኤርትራም በሰንዓፌ አጠገብ ባለችው በመጠራ፥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ ባስቆፈረ ጊዜ፥ 14 የሮም የወርቅ መሐለቆች ከወርቅ መስቀሎችና ከሰንሰለቶች ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ተገኙ። መሐለቆቹ አክሱም ክርስትናን ከመቀበልዋ በፊት የተመቱ ናቸው፤ መስቀሎቹ ግን ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው። የጣዖት አምላኪው የቄሣር መልክ በክርስቲያን ሀብት መካከል የአንገት ጌጥ ሆኖ ተቀመጠ። መሐለቆቹ ለየብቻቸው ተሸጠው ቢሆን ኖሮ፥ ይህ ነገር ባልታወቀ ነበር።

በደብረ ዳሞም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ከመቶ በላይ የሆነ የኩሻን ነገሥታት ወርቅ ከሕንድ ወገን የመጣ ተገኘ። ገንዘቡ እስከ ሦስተኛው መቶ ዓመት የተመታ ሲሆን፥ ገዳሙን አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት በስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። ስለዚህ የመሐለቁ ዕድሜና የስፍራው ዕድሜ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ኢትዮጵያም ተቀባይ ብቻ አልነበረችም። ከሦስተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ፥ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፥ አክሱም የራስዋን ወርቅ መታች፤ ኢዛናም ቀድሞ የጨረቃ ምልክት በነበረበት ስፍራ መስቀልን አኖረ። በየመን አል-መዳሪባ በተባለው ስፍራ በ1977 በአውሮፓ አቆጣጠር በአንድነት ከተገኙት 1194 የወርቅ መሐለቆች 326ቱ የሮም፥ 868ቱ የአክሱም ናቸው። በኢየሩሳሌምም የአክሱም የመዳብ መሐለቅ ተገኝቷል። መዳብ በባዕድ ገበያ ብዙ ዋጋ የለውምና፥ ሊቃውንት ይህን የነጋዴ ሀብት ሳይሆን የተሳላሚ ስንቅ ትራፊ ነው ይላሉ።

እንግዲህ ገበሬ ሲያርስ፥ ወይም ለቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲቆፈር፥ አሮጌ መሐለቅ ቢወጣ ምን ይደረግ? በአሸዋና በሎሚ አይታሽ፤ መልኩ ይጠፋልና። ለአንጥረኛ አይሰጥ፤ ለመንገደኛም ነጋዴ አይሸጥ። ስፍራው ምልክት ይደረግበት፤ አብሮት የተገኘው ገልና ዶቃ አይበተን፤ ለደብሩ አለቃና ለወረዳው የባህል መሥሪያ ቤት ይነገር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209ም ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅ ደንግጓል።

የቀለጠ መሐለቅ ክብደቱን አያጣም፤ ምስክርነቱን ግን ያጣል። አባቶች መጻሕፍትንና ንዋየ ቅድሳትን በዋሻ ሸሽገው ለዚህ ኢዮቤልዩ እንዳደረሱ፥ ልጆችም መሬት የጠበቀችውን ምስክር ሳያጠፉ ለሚቀጥለው ትውልድ ማስረከብ ይገባቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።