ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ሣር



እዚህ ሜሪላንድ፣ ከመሰብሰቢያችን ጓሮ ባሉት የኦክ ዛፎች ሥር የተለመደው የግቢ ሣር ፀሐይ አጥቶ ይመነምናል። በየዓመቱ ለዘሩ የምናወጣው ገንዘብ ደግሞ ለተቸገረች እህት መድረስ የሚችል ነው። ስለዚህ የአገሩን በቀል ሣር፣ ኖርዘርን ሲ ኦትስ የሚባለውን፣ እንትከል እንላለን። ጥላ ይችላል፤ 1 ሜትር ያህል ያድጋል፤ በየዓመቱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እንደ አጃ የተንጠለጠለው ፍሬው በመከር ነሐስ ይመስላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ ዘሩ ከረገፈ እስከ ጎረቤት ግቢ ይዛመታል። በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሳይረግፍ፣ ፍሬውን ከነዘንጉ አጭደን እናድርቀው። ለአበባ ማስቀመጫ ስለሚያምር በባዛራችን እንሸጠዋለን። የደረቀውን አገዳ በመጋቢት ቆርጠን፣ ሥሩን ከፍለን ለምትፈልግ እህት እንሰጣለን። ያኔ ከወጪ መዝገባችን አንድ መስመር ወደ ገቢ ይዛወራል።