ሒሳብን የፈራ ሐኪም



በመቐለ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች ቢሮዬን አንኳኩተው ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሒሳብ ይከብደኛል፤ ጥሩ ሐኪም መሆን እችላለሁን?» ዛሬ በሁላችሁ ፊት እመልሰዋለሁ።

እኔ ራሴ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሒሳብ ከክፍሉ መጨረሻ ከሚሰለፉት አንዱ ነበርኩ። የፈተና ወረቀቴን ከቤተሰቤ እደብቅ ነበር። ለማትሪክ የተዘጋጀሁት የታናሽ ወንድሜን የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሼ፣ ክፍልፋይን ከሥሩ በመጀመር ነው። ፈተናውን አለፍኩ፤ የመደበቅ ልማዴ ግን አብሮኝ ሆስፒታል ገባ።

በተለማማጅ ሐኪምነቴ ዘመን አንድ ሌሊት ለሕፃን መድኃኒት ሳዝዝ የነጥቧን ቦታ ሳትኩ፤ መጠኑ አሥር እጥፍ ሆነ። እርግጠኛ እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር፤ መጠየቅ ግን አፈርኩ። ተረኛዋ ነርስ ወረቀቱን ይዛ መጣችና በለሆሳስ፣ «ዶክተር፣ እስቲ አንድ ጊዜ አብረን እናስላው» አለችኝ። መድኃኒቱ ሳይሰጥ ታረመ። ሕፃኑን ያዳነችው እርሷ ናት።

ለመሆኑ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚያስፈልገን ሒሳብ ምን ዓይነት ነው? 12 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ፣ 180 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ከያዘ፣ የሚሰጠው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲገባ ቢታዘዝና የማውረጃው ቱቦ አንድ ሚሊ ሊትርን በ20 ጠብታ የሚያወርድ ቢሆን፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ይደርሳል። ይህ ማባዛትና ማካፈል ነው። ረቂቅነት የለውም፤ ስሕተትን ግን አይምርም።

ከእናንተ ብዙዎቹ ከኮሮና ወረርሽኝ ጀምሮ በጦርነቱም ዘመን ትምህርት ቤት ተዘግቶባችሁ ዓመታት አጥታችኋል። የጎደላችሁ የትምህርት ጊዜ እንጂ አእምሮ አይደለም። የጎደለውን ለይታችሁ እወቁት፤ ክፍልፋይም ሆነ መቶኛ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መማር ውርደት የለበትም። እኛም መምህራን «ይህንንም አታውቅም?» የምትለውን ቃል ከአንደበታችን እናርቅ፤ ተማሪን መደበቅ የምታስተምረው እርሷ ናትና።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ይህ አባባል ለሐኪሙም ይሠራል። እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ አዎን፣ ትችላላችሁ፤ ያልገባችሁን እስካልደበቃችሁ ድረስ።