የጦር ፍርድ ቤት ዓቃቤ ሕግ ለማን ይታዘዝ?



በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ወደ አዲስ መሥሪያ ቤት ሲዛወር፣ ደመወዜ ስንት ነው ከማለት ቀጥሎ የሚጠይቀው፣ የቅርብ አለቃዬ ማን ነው ብሎ ነው። ስለ ጠባዩና ስለ ሥራው የሚጽፈው፣ ለእድገት የሚያቀርበው ወይም የሚያስቀረው እርሱ ነውና። በተራ የጽሕፈት ሥራ ይህ የአንድ ሠራተኛ የኑሮ ጉዳይ ነው። በጦር ፍርድ ቤት ግን የተከሳሹ ነፃነት፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱ፣ በዚሁ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጦር ሠራዊት የቆመው በመታዘዝ ነው፤ ዳኝነት ደግሞ በሕግና በኅሊና እንጂ በትእዛዝ አይሠራም። ዛሬ በችሎት የተቀመጠው መኰንን ነገ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ለአዛዡ ሰላምታ ይሰጣል። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን ችሎቱን የሚያስችለው አንድ የጦር አዛዥ ነበረ። የሚቀርበውን ክስ የሚወስነው እርሱ፤ በዳኝነት የሚቀመጡትን መኰንኖች የሚመርጠው እርሱ፤ ከሳሹንና ተከላካዩን መኰንን የሚሾመው እርሱ፤ በመጨረሻም ፍርዱን የሚያጸድቀው ራሱ እርሱ ነበረ። ፊንድሌይ የተባለ፣ በፎክላንድ ጦርነት የተሰለፈ ወታደር፣ በዚህ ዓይነት ተፈርዶበት ጉዳዩን ለአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አቀረበ። ፍርድ ቤቱም በ1997 ዓ.ም.፣ የዳኞቹ ማዕረግ ሁሉ ከአዛዡ በታች ስለ ነበረ ችሎቱ ነፃና ገለልተኛ ሊባል አይችልም ብሎ ፈረደ። የእንግሊዝ ፓርላማ ግን ፍርዱን ሳይጠብቅ በ1996 ባወጣው ሕግ የአዛዡን ሥልጣን ከፋፍሎ ለተለያዩ ባለሥልጣኖች ሰጥቶ ነበር።

አሜሪካኖች ይህን አደጋ ቀደም ብለው ተረድተውታል። በ1950 ያወጡት የወታደር ፍርድ ሕግ በ37ኛው አንቀጽ፣ አዛዥ ስለ ሰጡት ፍርድ ዳኞችን እንዳይወቅስ ይከለክላል። በ1968 በተደረገው ማሻሻያም፣ አንድ መኰንን ተከሳሽን በትጋት ስለ ተከላከለ ብቻ በሥራ ሪፖርቱ ላይ ዝቅተኛ ማዕረግ እንዳይሰጠው ተደንግጓል። ሕግ አውጪዎቹ ስለ ሪፖርት እንዲህ በዝርዝር መጻፋቸው፣ የቢሮ ሰው ምን እንደሚፈራ የሚያውቁ መሆናቸውን ያሳያል።

ይሁን እንጂ በጓንታናሞ ለተያዙት እስረኞች በ2006 በወጣው ልዩ ሕግ በተቋቋሙት የጦር ችሎቶች ውስጥ ያው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ክሶች ለችሎት እንዲቀርቡ የምትወስነው ባለሥልጣን፣ ቀድሞ ዳኛ የነበረችው ሱዛን ክሮፎርድ ነበረች። የሕግ አማካሪዋ ብሪጋዴር ጄኔራል ቶማስ ሃርትማን፣ ዋናው ዓቃቤ ሕግ ደግሞ ኮሎኔል ሞሪስ ዴቪስ ነበሩ። የአማካሪው ተግባር ዓቃቤ ሕጉ ያዘጋጀውን ክስ ያለ አድልዎ መርምሮ ለባለሥልጣኗ አስተያየት መስጠት ነው። በኦክቶበር 2007 ግን የመከላከያ ምክትል ሚኒስትሩ ዓቃቤ ሕጉን በአማካሪው ሥር፣ አማካሪውንም በሚኒስቴሩ ጠቅላይ የሕግ ሹም በዊልያም ሄይንስ ቢሮ ሥር አደረገ። እንግዲህ መርማሪው ያዘዘውን ሥራ መልሶ ራሱ ሊመረምር ነው።

ዴቪስ ይህን በተረዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። በኋላ እንደ ጻፈው፣ እርሱ በውሃ በማፈን የተገኘ ቃል በማስረጃነት እንዳይቀርብ አዝዞ ነበር፤ በዚህ ነገር የሄይንስ አመለካከት ከእርሱ የተለየ ስለ ሆነ በሥሩ ለመሥራት አልፈቀደም።

ለሃርትማንም ወገን ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ከመጀመሪያዎቹ እስረኞች መምጣት ወዲህ አምስት ዓመት አልፎ፣ እስከዚያ ጊዜ ጥፋተኛ የተባለው አንድ ሰው ብቻ ነበረ። ያለ ፍርድ የሚጠብቅ እስረኛ ባለበት ስፍራ ሥራውን የሚያፋጥን አለቃ ማስፈለጉን ማን ይክዳል? ዓቃቤ ሕግም ቢሆን ያለ ተቈጣጣሪ ሊተው አይገባውም። ነገር ግን ክሱ መቼ ይድረስ ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ክስ ይቅረብ፣ በየትኛው ማስረጃ ይቅረብ ብሎ ማዘዝ ሌላ ነው።

በኤፕሪል 2008 ዴቪስ፣ ሊከስ ከተሾመበት ወገን ተሻግሮ፣ የቢን ላደን ሾፌር ለነበረው ለሳሊም ሐምዳን የመከላከያ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ዳኛው የባሕር ኃይል ካፒቴን ኪዝ ኦልሬድ ቃሉን ከሰማ በኋላ፣ በሚከተለው ወር፣ አማካሪው ከዓቃብያነ ሕግ ጋር እጅግ በመቀራረቡ በዚያ ጉዳይ ከእንግዲህ እንዳይገባ አገደው። ክሱን ግን አልሰረዘም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የመለዮ ለባሹ ዳኛ ማዕረግ ከታገደው ጄኔራል በታች ነበረ።

ሐምዳን በኦገስት በከፊል ጥፋተኛ ተብሎ 66 ወር ተፈረደበት፤ 61 ወር ስለ ታሰበለት በዚያው ዓመት ወደ የመን ተመለሰ። ፍርዱም በ2012 በሌላ የሕግ ምክንያት በይግባኝ ተሻረ። ሃርትማን ደግሞ በሴፕቴምበር 2008 ከአማካሪነቱ ተነሥቶ፣ በዚያው በጦር ችሎቶቹ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሯል።