ዝም ያለች ልጅ ምን ታጣለች?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ለትምህርት ድጋፍ ያወጣነውን ብር መዝገብ ስናገላብጥ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የመሳፈሪያና የደብተር ወጪ እናገኛለን። ሁሉም ተገቢ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን ለእረፍት ሲመጡ ደጋግመው የሚነግሩን ችግር ግን በዚህ መዝገብ ላይ የለም። እሱም እንግሊዝኛው ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አድርጓል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። በአንደኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ተግባቦት ኮርስ ይሰጣል፤ ሆኖም ብዙ ተማሪ በሞላበት ክፍል አንዲት ልጅ አፏን ለመፍታት የምታገኘው ጊዜ ጥቂት ነው።

ልጆቻችን ሰዋስው ተምረዋል። የሚከብዳቸው የአቀራረብ ልማዱ ነው። እኛ ትልቅ ሰው ዘንድ ስንሄድ ጤና ጠይቀን፣ ዙሪያውን ዞረን ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው። የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ግን ዋናውን ሐሳብ ብዙ ጊዜ በአንቀጹ መጀመሪያ ላይ ይፈልጋል፤ ማስረጃውና ማብራሪያው ይከተላል። «ሁሉም ሴቶች ይቸገራሉ» ከማለት «ብዙ ሴቶች ሊቸገሩ ይችላሉ» ማለትን ይመርጣል። ከሰው የተወሰደ ሐሳብ ከየት እንደመጣ እንዲነገርም ያዛል። ይህ ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች እንግዳ አይደለም፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይወራረድም።

ከሁሉም የሚብሰው መናገሩ ነው። ሴት ልጆቻችንን አንገት መድፋትን ጨዋነት ብለን፣ «ዝም አይነቅዝም» እያልን አሳድገናል። ያው ዝምታ ክፍል ውስጥ አለማወቅ ተብሎ ይቆጠርባታል። በቡድን ሥራ ጥናቱን እሷ ትሠራለች፤ ቆሞ የሚያቀርበው ሌላ ነው። አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትንም ልንነግራት ይገባ ነበር።

ነገሩ በምረቃ አያበቃም። በ2006 ዓ.ም. የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ከወጣ ወዲህ በእኛ ሙያ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃዎችን በእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳትና ለኃላፊ ማስረዳት የዕለት ሥራ ሆኗል። ማስረዳት ያልቻለች ሠራተኛ ሒሳቡን ብታውቅም ወደ ኋላ ትቀራለች።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በክረምቱ እረፍት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ ልጆቹን እናሰባስብ። አንዷ ከራሷ ሞጁል አንድ ገጽ አንብባ ለሦስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ታስረዳ። ሁለቱ ጥያቄ ይጠይቋት። ሌላዋ የሰማችውን በአምስት መስመር ጽፋ ታንብብ። የሚያርም አንድ መምህር፣ ጥቂት የፎቶ ኮፒ ወጪና ሻይ ይበቃል። ስትሳሳት የሚስቅባት እንዳይኖር መጠበቅ ደግሞ የሁላችን ሥራ ነው።

እንግሊዝኛ የማታውቁ እናቶች «እኛ ምን እናግዛለን?» እንዳትሉ። ማታ ቡና ሲፈላ «ዛሬ የተማርሽውን በአማርኛ አስረጂኝ» በሏት። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ማስረዳት ካቃታት ሐሳቡ ገና አልገባትም፤ ከገባት ደግሞ የሚቀራት ቃሉ ብቻ ነው። አማርኛዋን እንድትጥል አንፈልግም፤ የምትቆመው በእሱ ላይ ነው።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ በሚቀጥለው ሪፖርታችን ስንት ልጅ መጣች ከሚለው ጎን ስንቷ ተነሥታ ጠየቀች፣ ስንቷ ቆማ አቀረበች የሚለውን መዝግበን እናሳያችኋለን።

ከትምህርት ድጋፉ በጀት ላይ ለዚህ ሥራ አንድ የወጪ ርዕስ እንዲከፈት ጉባኤው በድምፅ እንዲወስንልን እንጠይቃለን። ፍራሹንም መግዛት አንተውም። ፍራሽ የገዛንላት ልጅ ግን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ እንድትጠይቅም እንፈልጋለን።