ጭብጨባን የተጠራጠረ መሪ



የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ከጻፉት ደራስያን መካከል ግሪካዊው ፕሉታርኮስ ስሙ ጎልቶ ይነሣል። እርሱም ከዘመኑ ከ300 ዓመት በላይ ቀድሞ የኖረውን የአቴናውን የጦር አለቃ ፎኪዮንን በልዩ አድናቆት ጽፎለታል። ለመሆኑ ይህን ሰው ስለ ምን አደነቀው?

መጀመሪያ፥ ፎኪዮን ምክሩን ለጭብጨባ ባለመሸጡ ነው። አቴናውያን በጉባኤ ተሰብስበው ስለ ከተማቸው ጉዳይ ራሳቸው ይወስኑ ስለ ነበር፥ ብዙው ተናጋሪ ሕዝቡን ደስ የሚያሰኘውን ይመርጥ ነበር። ፎኪዮን ግን ጦርነት ሲሹ ስለ ሰላም ይመክራቸው ነበር። አንድ ቀን ሁሉም ንግግሩን ባንድ ቃል ቢያመሰግኑለት፥ ሳላውቅ ክፉ ነገር ተናግሬ ይሆን ብሎ ወዳጆቹን ጠየቀ ይባላል። ይህም ሆኖ ሕዝቡ 45 ጊዜ የጦር አለቃ አድርጎ መረጠው፤ እርሱ ግን ምረጡኝ ብሎ አልለመነም።

ሁለተኛው፥ እጁ ንጹሕ ስለ ነበር ነው። ታላቁ እስክንድር 100 መክሊት ቢልክለት፥ ከሁሉ እኔን ስለ ምን መረጠ ብሎ መልእክተኞቹን ጠየቀ። ደግ ሰው መሆንህን ስላመነ ነው ቢሉት፥ እንግዲያውስ እንደዚሁ እንድኖር ይተወኝ አለ። ተከትለው ወደ ቤቱ ቢሄዱ፥ ሚስቱ ሊጥ ስታቦካ እርሱም ውሃ ሲቀዳ አዩ፤ ገንዘቡንም ሳይቀበል ቀረ።

ይሁን እንጂ ፕሉታርኮስ ውዳሴ ብቻ አልጻፈም። የመቄዶንያው አለቃ ኒካኖር የአቴናን ወደብ ፒሬዎስን ሊይዝ ማሰቡ በተነገረው ጊዜ፥ ፎኪዮን ሰውየውን አምኖ ማስጠንቀቂያውን ናቀ፤ ወደቡም ተያዘ። ደራሲው ይህን ሳይሸሽግ ይነቅፈዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ318 ዓመት አቴናውያን ክርክሩን በቅጡ ሳይሰሙ ሞት ፈረዱበት፤ ከ80 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ልጁ ግን ቂም እንዳይዝባቸው ተናዘዘ። ኋላም ሕዝቡ ተጸጽቶ የነሐስ ሐውልት አቆመለት።

እንግዲህ አድማጮቼ፥ በራስ አሳብ መጽናትና የሌላውን ምክር አለመስማት አንድ አይደሉም። ፎኪዮን በመጀመሪያው ከበረ፥ በሁለተኛው ወደቀ። በየመሥሪያ ቤታችን ምክር ስንጠየቅ አለቃ የሚወደውን ሳይሆን ለሥራው የሚበጀውን እንናገር፤ ስንሳሳት ደግሞ የሚነግረንን እንስማ። አባቶቻችንም እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ይላሉ።