ሚስ የሚያደርግ ሞተር፦ ከዕቃ ግዢ በፊት ምርመራ

እዚህ ማንቡክ የተሰጠኝ ርእስ «የአነስተኛ መኪና ሞተር ሚስ ሲያደርግ የምርመራው ቅደም ተከተል» ይላል። ቅደም ተከተሉ ረጅም፣ ሰዓቱ አጭር ነውና ገንዘብ በብዛት ከሚባክንበት፣ ሳይመረምሩ ዕቃ ከመግዛት፣ ልነሳ።

በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን ክፉኛ አስወደደ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያሉት ቪትዝና አልቶ ጡረታ የላቸውም።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር 1600 ጊዜ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 400 ይደርሰዋል። አንዱ ሳያቃጥል ካኮረፈ፣ ሚስ የምንለው ይህንን ነው፣ ሩብ ጉልበት ሄደ። ሦስት ሲሊንደር ባላት አልቶ ላይ ግን ሲሶው ነው የሚሄደው፤ የአልቶ ባለቤቶች ቶሎ የምትደውሉልኝ ለዚህ ነው።

ኮፈኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ ለዩ፤ የሚያኮርፈው አንድ የታወቀ ሲሊንደር ነው ወይስ ሁሉም በየተራ? ስካነር ካላችሁ ፒ 0301 አንደኛውን፣ ፒ 0302 ሁለተኛውን ይጠራል፤ ፒ 0300 ግን ጥፋቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል ማለት ነው። ስካነር ከሌላችሁ ሞተሩን በሚኒሞ አቁማችሁ የቦቢናዎቹን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ቀድሞም አይሠራም ነበር። ያንን ቦቢና ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ሚሱ ቦቢናውን ተከትሎ ከሄደ ቦቢናው ነው፤ ካልሄደ ካንዴላውን እንዲሁ አዘዋውሩ። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አይወጣም። በየራሱ ቦቢና የሚሠራው ቪትዝ ለዚህ የተመቸ ነው።

ፒ 0300 ሲመጣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሲሊንደሮቹ ሁሉ በሚጋሩት ነገር ላይ ነው፤ እኛ አካባቢ ደግሞ ቤንዚን! (አትሳቁ፤ ጀሪካን ቤቱ ያላስቀመጠ እጁን ያውጣ።) ከግልገል በለስ ማዶ በክረምት መንገድ ላይ ቆሞ ያገኘሁትን አንድ ሾፌር ልንገራችሁ። አራቱንም ካንዴላ ቀይሯል፤ ሁለት ቦቢና ገዝቷል፤ እንጀክተር እንዲያሳጥብ ተነግሮት ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ነበር። ከታንኩ ትንሽ ቤንዚን በሃይላንድ ቀድተን ተቀመጥን። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ከሥሩ ሌላ ፈሳሽ ተኝቷል፤ ውኃ። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታንኩ ሥር ይሰበሰባል፤ ፖምፓው የሚስበው ደግሞ ከሥር ነው። ክዳኑ ያልገጠመ ጀሪካን ዝናብ ላይ ካደረ በቃ። በጉባው ግድብ ውኃ ተርባይን ያዞራል፤ ካንዴላ ጋ ሲደርስ ግን እሳቱን ያጠፋል።

ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን እንደ ውኃ አይለይም፤ ከቤንዚኑ ጋር አንድ ይሆናል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና ጠብቁ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባት የመሰለ ምልክት ይተዋል። እንዲህ ያለው ነዳጅ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ጠዋት ሞተር ማስነሳት ያስቸግራል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ያንኳኳል። ሻጩን አልከስም፤ እሱም ከሌላ ገዝቶ ይሆናል። ጠብታዋን ግን ከመክፈላችሁ በፊት ጣሉ።

ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው፤ የቀረውን በፍጥነት። ካንዴላ ስትነቅሉ ጉድጓዱ ዘይት ካቆረ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን አልቋል፤ አዲስ ቦቢና ብትገዙም ያ ዘይት ያበላሸዋል። ቦቢናም ካንዴላም ነዳጅም ደህና ሆነው አንዱ ሲሊንደር ካላቃጠለ ኮምፕሬሽን ይለካ። ካነሰ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና ድገሙ፤ ከጨመረ ፋሻ ነው፤ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን። የአየር ቱቦ መሰንጠቅንና የእንጀክተርን ነገር አልነካሁም፤ ለጥያቄው ሰዓት ይቆዩልኝ።

አንድ ነገር ብቻ። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ወደ ቻግኒ ልድረስ አትበሉ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የጭስ መውጫው ካታሊስት ውስጥ ገብቶ ይነድዳል፤ ያ ዕቃ ከአራት ቦቢና በላይ ያስወጣችኋል። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ።